ከመርካቶ እስከ ካሪዮኮር፦ የአሥራ አንድ ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. — ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ

መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የቆዳ ሱቅ አለችኝ። ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳ፣ ክፍት ጫማ እሠራለሁ፣ እሸጣለሁ። ግድግዳው ላይ በካርቶን የጻፍኩት ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «ስክሪንሾት አንቀበልም»። ያጻፈችኝ አንዲት ደንበኛ ናት። የሦስት ቀበቶ ዋጋ ላክሁ ብላ ስልኳን አሳየችኝ፤ አመስግኜ ሸኘኋት። ማታ ሒሳብ ስሠራ ብሩ የለም። ያሳየችኝ ምስል የሌላ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ የራሴ ስልክ ላይ ካልጮኸ ዕቃ ከሱቄ አይወጣም።

ናይሮቢ ሃያ ዓመት የኖረው የአክስቴ ልጅ ይህን ሳጫውተው ሳቀብኝ። «አንተ ዛሬ የምታለቅስበትን እኛ ድሮ አልቅሰን ጨርሰናል፤ ናና እይ» አለኝ። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ የኬንያው ኤም-ፔሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በማርች 2007። አሥራ አራት ዓመት ይቀድመናል ማለት ነው። እዚያ እንደኔው ክፍት ጫማ የሚሠሩ ሰዎች የሞሉበት ካሪዮኮር የሚባል ገበያ እንዳለም ነገረኝ። እንግዲህ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጠያይቄ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ቃሊቲ መናኸሪያ ተገኘሁ።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ባቱ እስክንደርስ ድረስ ስለ መንገዱ የምጽፈው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ባቱ ላይ የነቃሁት መኪናው ስለቆመ ነው። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ነን፤ ናፍጣው ተቀድቷል፤ ሹፌሩ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ግቢውን ይዞረዋል። ነዳጅ በጥሬ ብር መክፈል አዲስ አበባ ላይ ከቀረ ሚያዝያ ላይ ሁለት ዓመት ይሞላዋል፤ ክፍለ ሀገርም ብዙ ሳይቆይ ተከትሏል። ዛሬ ግን ኔትወርክ የለም። ቀጂው ልጅ የቧንቧውን አፍ ይዞ «መልእክት ካልገባልኝ አትሄዱም» ይላል። ካርቶኔ ትዝ አለኝና ልፈርድበት አልቻልኩም። አርባ ደቂቃ ከቆምን በኋላ ሹፌሩ በሌላ ሰው ስልክ አዲስ አበባ ወንድሙ ጋ ደውሎ ከዚያ አስከፈለ። ባቱ የተቀዳ ናፍጣ ኮተቤ ላይ ተከፈለ።

ዲላ ማታ 12 ሰዓት ገባን። ቡናው እንደ ስሙ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 15 — ከዲላ እስከ ሞያሌ

ከያቤሎ አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። የቦረና አርቢ ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት፣ የእኔ ኦሮምኛ ከእሳቸው አማርኛ ያነሰ፤ ከኋላችን የተቀመጠ ተማሪ አስተረጎመን። ስለ ስልክና ስለ ገንዘብ ላይ ልሄድ ነው ስላቸው፣ «ስልክ ምን አላት፤ እኛን ከሰማይ የሚያየን አለ» አሉ። እግዜርን መስሎኝ አሜን አልኩ። ተማሪው ሳቀ። ሽማግሌው የሚያወሩት ስለ ሳተላይት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ማርሳቢት ላይ፣ በ2012 ደግሞ እዚሁ ቦረና ላይ የከብት መድን አስጀመረ። እንደ መኪና መድን የሞተውን ሄዶ የሚቆጥር የለም። ማን ነው በዚህ ሁሉ በረሃ የሬሳ ቆጣሪ የሚልክ? ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፤ የአካባቢው ልምላሜ ከብዙ ዓመት ልኩ ወርዶ ከተወሰነው መስመር ካለፈ፣ መድን ለገባ ሁሉ ይከፈላል። ከብትህ ይሙት አይሙት አይጠየቅም።

ብልህ ነገር ነው ብዬ አደነቅሁ። ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳተላይቱ ከብት ሆኖ አያውቅም» አሉ። መሬቱን የወረረው ቁጥቋጦ ከላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ከብት ግን አይበላውም። ከላይ የሚያየው ለምለም ሲል ከታች ያለው ይራባል። አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት በከሸፈበት በዚያ ክፉ ጊዜ ካሳ አግኝተው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አግኝተዋል፤ ለተረፉት ላሞች መኖ ገዝተውበታል። «ታዲያ ደግ ነዋ?» አልኩ። «ደግ ነው። ግን ሳሩን የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ምን ነበረበት?»

ሜጋ ላይ ወረዱ። ስማቸውን አልጠየቅሁም፤ ንግግራቸው ግን እስከ ናይሮቢ አብሮኝ ሄደ።

ዓርብ፣ ጥር 16 — ሞያሌ፣ ድንበሩ

የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የተመረቀ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ቀድሞ ከአንዱ አገር ለመውጣት አንድ ቦታ፣ ወደ ሌላው ለመግባት ሌላ ቦታ ትሰለፍ ነበር፤ አሁን የሁለቱም አገር ሠራተኞች ወደምትሄድበት ወገን በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ። የእኛው ሰው ያወጣኛል፣ ጎኑ ያለችው ኬንያዊት ታስገባኛለች። የጣት አሻራ ማንሻው ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ። ሃያ አምስት ዓመት ቆዳ ሲፍቅ የኖረ ጣት ምን አሻራ አለው? በአራተኛው አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ተቀበለኝ።

ሰዓት ለማስተካከል ስልኬን ሳወጣ አንድ የኬንያ ሾፌር አውቶቡሱ በ«ሳ ታቱ» እንደሚነሣ ነገረኝ። ታቱ ማለት ሦስት ነው። ፈረንጁ ዘጠኝ የሚለውን እነሱም በስዋሂሊ ሦስት ይሉታል፤ ልክ እንደኛ! አገሬ ያለሁ መሰለኝ።

ኬንያ በኩል አረንጓዴ የተቀባች ቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ አማርኛ የምትናገር ወጣት አገኘሁ። በፓስፖርቴ ሲም ካርድ አወጣችልኝ፤ በያዝኩት ሽልንግ ኤም-ፔሳ ሞላችልኝ። ትልቁን ነገር ያየሁት እዚህች ኪዮስክ ውስጥ ነው። በስልክ ካስገባችልኝ በኋላ ጠርዙ የተበጣጠሰ ደብተር አወጣች፤ ቀን፣ የገንዘቡን መጠን፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ስም በእስክሪብቶ ጻፈችና «ፈርም» አለችኝ። ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር ተመዝግቦ እያለ ደብተሩ ለምን አስፈለገ አልኳት። «ስልኩ የእነሱ ነው፣ ደብተሩ የእኔ» አለች።

የዚህች ልጅ ሥራ ከሩቅ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሁለት ኪስ አላት፦ አንዱ ስልኳ ውስጥ ያለ ገንዘብ፣ ሌላው መሳቢያዋ ውስጥ ያለ ጥሬ ሽልንግ። ሰው ሲያስገባ ስልኳ ይጎድላል፣ መሳቢያዋ ይሞላል፤ ሲያወጣ ተቃራኒው። የገበያ ቀን ከብት የሸጠ ሁሉ ሊያስገባ ይመጣና ስልኳ ባዶ ይቀራል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ ሁሉ ሊያወጣ ይመጣና መሳቢያዋ ይነጥፋል። ሁለቱን ስታመዛዝን ውላ ከእያንዳንዱ ጥቂት ኮሚሽን ታገኛለች። ይህ ሁሉ ተአምር የሚባለው የስልክ ገንዘብ የቆመው በእንደዚህች ዓይነት ልጆች መሳቢያ ላይ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። ሳፋሪኮምና ቮዳፎን እ.ኤ.አ. በ2005 ሙከራውን ሲጀምሩ ያሰቡት ትናንሽ ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱ ነበር። ሰዎቹ ግን ለሌላ አዋሉት፤ ለዘመድ ላኩበት፣ መንገድ ሲሄዱ ገንዘባቸውን አስገብተው በደረሱበት አወጡበት። ድርጅቱም ብልጥ ነው፤ ብድሩን ትቶ ሰው የፈለገውን ይዞ ወጣ። የመጀመሪያው መፈክሩ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» የሚል ነበር። ከተማ ገብቶ እናቱን ገጠር የተወ ሁሉ ሳይተረጎምለት የሚገባው ቃል ነው።

አውቶቡሱ በሳ ታቱ አልተነሣም። ይህም እንደኛው ነው። ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲሄድ፣ በየኬላው እያስወረዱ መታወቂያ ሲያዩ፣ ማርሳቢትን በጨለማ አለፍን።

ቅዳሜ፣ ጥር 17 — ኢስሊ

ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ ከደረስክ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በቂ ነው። የአክስቴ ልጅ የልጆች ልብስ የሚሸጥባት ሱቅ ከመርካቶዋ ሱቄም ትጠባለች፤ ያለችበት ሕንፃ ግን ስድስት ፎቅ ነው፣ በየፎቁ እንዲህ ያለ ቁም ሳጥን የሚያህል ሱቅ ተደርድሯል። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጋሪሳ ሎጅ የሚባል ማረፊያ ቤት ክፍሎቹ ወደ ሱቅ ሲቀየሩ ነው ይላሉ፤ አልጋው ሥር ዕቃ፣ አልጋው ላይ ነጋዴ። ዛሬ ከዱባይና ከጓንዡ የመጣ ዕቃ እዚህ አርፎ ምሥራቅ አፍሪካን ያዳርሳል።

እኔ ያፈጠጥኩት ክፍያው ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የሱቁ «ቲል» ቁጥር፣ ክፍያ የሚቀበልበት የኤም-ፔሳ ቁጥር ማለት ነው፣ ተለጥፏል። ደንበኛዋ ቁጥሩን ትመታለች፤ ከመላኳ በፊት የሱቁ ስም ስልኳ ላይ ይወጣል፤ ታረጋግጣለች፤ የምስጢር ቁጥሯን ታስገባለች፤ ወዲያው ሁለት ስልክ ይጮኻል፣ የእሷና የእሱ። ስማርት ስልክ አያስፈልግም፤ ባትሪዋ በላስቲክ የታሰረች ቁልፍ ስልክ ይህን ሁሉ ታደርጋለች። አንዲት ገዢ መልእክቷን ስታሳየው አውራ ጣቷን የስክሪኑ ታች ላይ ጫን አድርጋ ነው። ለምን? መልእክቱ መጨረሻ ላይ የቀረው ሒሳብ ይጻፋል፤ ያን ባለሱቅ ካየ ዋጋ መከራከር ቀረ። አራት ደንበኛ ቆጠርኩ፤ አራቱም በአውራ ጣት ሸፈኑ። የትኛውም መሐንዲስ ይህን ጣት አላሰበውም።

«ስክሪንሾትስ?» አልኩት።

«እዚህ ሌላ አለ» አለኝ። የሐሰት መልእክት ጽፈው የሚልኩ፣ «በስህተት ልኬልህ ነው፣ መልስልኝ» እያሉ የሚደውሉ፣ ከፍለው ከወጡ በኋላ ክፍያው ይመለስልኝ ብለው የሚያመለክቱ። ለዚህ ለዚህ ተብሎ ለጉልት ነጋዴ «ፖቺ ላ ቢያሻራ»፣ የንግድ ቦርሳ ማለት ነው፣ የሚባል መጥቷል፤ የጎመን ሻጯን የቤት ገንዘብና የጉልቷን ገንዘብ ይለያል። አልቅሰን ጨርሰናል ያለኝ ሰው ገና እያለቀሰ ነው፤ እንባው ብቻ ዓይነቱን ቀይሯል።

ማታ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የከተማውን መብራት ስናይ፣ «ከዚህ ውስጥ የእናንተም አለበት» አለኝ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ የሚደርስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ መስመር አለ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በእሱ በኩል፣ ከ200 ሜጋ ዋት ጀምራ፣ መብራት ከእኛ ትገዛለች። እኔ ሦስት ቀን ያህል የፈጀሁበትን መንገድ መብራቱ በቅጽበት ይጨርሰዋል። የእኔ ሰፈር መብራት በዚያው ሰዓት መኖሩን ለማወቅ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። ነበረ።

እሑድ፣ ጥር 18

ቅዳሴ፣ ከዚያ ክትፎ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ክትፎ ቤቷ ሒሳቡን በቲል ቁጥር ተቀበለች፤ ለቡና አፍሊዋ ግን ጉርሻ በጥሬ ገንዘብ ሰጠን። በስልክ የተላከ ጉርሻ እጅ ላይ አይሞቅም።

ሰኞ፣ ጥር 19 — ካሪዮኮር

ለዚህ ቀን ነው የመጣሁት። ካሪዮኮር የሚለው ስም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ጦር ስንቅና ጥይት በጀርባቸው ሲሸከሙ ከኖሩት አፍሪካውያን፣ «ካሪየር ኮር» ከሚባለው ክፍል የመጣ ነው። ዛሬ የቆዳ ክፍት ጫማ፣ የጨሌ ሥራ፣ ከጎማ የተቆረጠ ሶል ገበያ ነው። ሽታው ገና ከበሩ የሙያ ወንድሞቼ ቤት መድረሴን ነገረኝ፦ ቆዳ፣ ማስቲሽ፣ የተቃጠለ ክር።

አንድ ምዜ፣ በእኛ ጋሼ እንደማለት ነው፣ በሰባ ዓመታቸው ግድም ያሉ ሰፊ፣ መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ አነጋገሩኝ። ትዕዛዝ የሚመጣላቸው በዋትስአፕ ነው። ልጃቸው ፎቶ ያነሣል፣ ሞምባሳ ያለች ደንበኛ ትመርጣለች፣ ግማሹን በስልክ ታስቀድማለች፤ ጫማው በሌሊት አውቶቡስ ይሄዳል፤ ስትቀበል ቀሪውን ትልካለች። ሱቅ የላትም፣ መጋዘን የላትም፣ ደረሰኝ የለም። «ባትልክስ?» አልኳቸው። አንድ ጊዜ ያልላከች ነበረች፤ ስሟን ግን ስልኩ ይዞታል፣ ካሪዮኮር ሁሉ ዛሬም ያውቃታል አሉ። እኔ ወረቀት ላይ የጻፍኩትን ማስታወቂያ እነሱ በሐሜት ጽፈውታል።

ምዜው ስለ ብድርም አጫወቱኝ። ቆዳ ለመግዛት ባንክ አይሄዱም፤ በየቀኑ የሚገባውና የሚወጣው ገንዘባቸው ስልኩ ላይ ስለሚታይ፣ ያንን ታሪክ ዓይቶ የሚያበድራቸው እዚያው ስልኩ ውስጥ አለ። ኤም-ሽዋሪ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ፣ ሒሳብ ሲያልቅ የሚሸፍነው ፉሊዛ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ። መያዣ ቤት፣ ዋስ፣ ቲን ነምበር የሚል የለም። ጥሩ ነው? ለቆዳው አዎ። ልጃቸው ግን በዚያው መንገድ ለኳስ ውርርድ ይበደራል፤ ይህን ሲናገሩ መዶሻውን አስቀመጡት።

ስድስት ጥንድ ናሙናና የሶል መቁረጫ ቅርጽ ገዛሁ፤ 2,600 ሽልንግ። የልጃቸው ቁጥር በከሰል ግድግዳ ላይ ተጽፏል። እንደ ባለሙያ በኩራት መታሁት፤ ስም ወጣ፤ የልጁን ስም መቼ ጠይቄ አውቃለሁና፣ ያ ይሆናል ብዬ ላክሁ። የእኔ ስልክ ጮኸ። የልጁ ዝም አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን 1 እንደ 7 አንብቤዋለሁ።

እነሆ፣ ያ ሁሉ ሰው ስም የሚያረጋግጠው ለዚህ ነው! የአክስቴ ልጅ እየሳቀ የማስመለሻውን መልእክት ላከልኝ፤ ግን ዘግይቷል። የተቀበለው ሰው እዳ ነበረበት፤ ገንዘቡ ገና ስልኩ ውስጥ ሲገባ ለእዳው ተቆርጧል። ማታ ራሱ ደወለ። ኪሱሙ ከተማ ያለ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። የአክስቴ ልጅ አነጋገረው። «አልካደም» አለኝ፤ «ዓርብ እልካለሁ ነው የሚለው»። ዓርብን ስንት ባለእዳ ሲምልበት ሰምቻለሁ። ለምዜው በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20 — በማታቱ

ማታቱ የናይሮቢ ሚኒባስ ነው፤ ቀለም የተቀባ፣ ሙዚቃው ደረት የሚደልቅ። ወያላው፣ እነሱ ማካንጋ ይሉታል፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ቀኑን ሙሉ ያለ ጉዳይ እየተሳፈርኩ ዋልኩ።

ከተማዋን በቴክኖሎጂ ብልህ ለማድረግ የተሞከረው መጀመሪያ በእነዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግልና ኢኩዊቲ ባንክ ቤባፔይ የሚባል የመሳፈሪያ ካርድ አወጡ፤ በ2014 መንግሥት ማታቱ ሁሉ ያለ ጥሬ ገንዘብ ይሥራ ብሎ አዘዘ። ካርዱ ተነካ፣ ገንዘቡ ለባለንብረቱ ባንክ ገባ። ቆንጆ። ግን ማካንጋው ምን ይብላ? ማታቱ የሚሠራው ባለንብረቱ በቀን ይህን ያህል አግባልኝ ብሎ ነው፤ ከዚያ የተረፈው የሾፌሩና የረዳቱ ነው። ናፍጣውም፣ ምሳውም፣ መንገድ ላይ እጁን የሚዘረጋውም ከዚያው ይወጣል። ካርዱ ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጠቀው። እናም ማሽኑ «ተበላሸ»፣ «ቻርጅ የለውም»፣ ቤት ቀረ። ቤባፔይ በ2015 ተዘጋ።

ዛሬ በተሳፈርኩባቸው ስድስት ማታቱዎች ግን ግማሹ ሰው በስልክ ነው የከፈለው፤ ወደ ማን? ወደ ማካንጋው ስልክ። ማንም አላዘዘም። እንጀራውን ሲነጥቀው የሰበረውን፣ እንጀራውን ሲያሰፋለት ራሱ አነሣው። ሽማግሌው ሜጋ ላይ ባይወርዱ ኖሮ ይህን አሳያቸው ነበር።

ሌላም አለ። ማታቱ የመንገድ ካርታ አልነበራቸውም፤ የት እንደሚሄዱ የሚያውቀው የተሳፈረ ብቻ ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ስልክ ይዘው በየመስመሩ እየተሳፈሩ በየፌርማታው መዘገቡ፤ በ2014 ከ100 በላይ መስመሮች ያሉበት ካርታ አወጡ፤ ቆይቶም የጉግል ካርታ ውስጥ ገባ። የለንደን የምድር ባቡር ካርታ ይመስላል፤ በቀለም በቀለም። የአዲስ አበባን ሚኒባስ ታክሲ እንዲህ ቢሠሩት ብዬ ቀናሁ። «ሜክሲኮ በሳር ቤት» የሚለውን ጩኸት በምን ቀለም እንደሚያደርጉት እንጃ።

ረቡዕ፣ ጥር 21 — ኮንዛ

የአክስቴ ልጅ ደንበኛ የሆነ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በመኪናው ይዞኝ ሄደ። በሞምባሳ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮንዛ፣ «የአፍሪካ ሲሊኮን ሳቫና» የተባለችው፣ ከባዶ ሜዳ የምትሠራ ብልህ ከተማ ናት። 5,000 ኤከር መሬት፣ ቀድሞ ማሊሊ የሚባል የከብት እርሻ፤ ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ በጃንዋሪ 2013 ግንባታውን አስጀመሩ።

ሄጄ ያየሁትን ልጻፍ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ አስፋልቱ አዲስ፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመሩ የተለየ፣ የመንገድ መብራቱ የተደረደረ። ገመድና ቧንቧ ሁሉ ከመሬት በታች ነው፤ እንደኛ አስፋልት ተነጥፎ ካለቀ በኋላ ለውሃ መስመር አይቆፈርም። የአገሪቱ የመረጃ ማዕከል እዚያ አለ፤ የመንግሥት መረጃ የሚያርፍበት ቤት ነው። ከኮሪያ ጋር የሚሠራው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ቆሟል። የጎደለው ሰው ነው። ሰፊው ጎዳና ላይ ሳር የያዘች አንዲት አህያ ቀጥ ብላ ስትሄድ አየሁ፤ በብስክሌት መስመሩ።

አልዘባበትም። ሠራተኛው እንዳለኝ የሰው ከተማ በአሥር ዓመት አያድግም፤ መሠረቱ ቀድሞ መቀበሩ ደግ ነው። የመረጃ ማዕከሉ ባይኖር እኔ ድንበር ላይ እንደሰጠሁት የጣት አሻራ ያለ የመንግሥት መረጃ በሰው አገር ኮምፒዩተር ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ደግሞ ብልህ ነገር ሁሉ ይታመማል፦ በጁላይ 2023 የመንግሥት አገልግሎት የሚሰጥበት ኢ-ሲቲዝን በሳይበር ጥቃት ተመትቶ ስንቱ ሰው ፓስፖርትና መንጃ ፈቃድ ሊጨርስ ሄዶ «ሲስተም ኢኮ ዳውን» ተብሎ ተመልሷል። በአማርኛ «ሲስተም የለም» ማለት ነው፤ ድምፁና ትከሻ መነቅነቁ እንኳ አንድ ነው።

ሻይ አማረኝ። በዚያ ሁሉ ጎዳና ሻይ የሚሸጥ የለም። ከግቢው ወጥተን ማሊሊ ገባን፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባት የመንገድ ዳር መንደር። ቆርቆሮ ቤት፣ ጭስ፣ የሚጠበስ ቻፓቲ። የሻይ ሻጯ ግድግዳ ላይ የቲል ቁጥሯ ተጽፏል። የሻይ ዋጋ በስልክ ከፈልኩ፤ በዚህ ጊዜ ስሙን ሁለቴ አነበብኩ። ከኮንዛ አጥር እስከ ሴትዮዋ ምድጃ ብልህ ከተማ ፍለጋ የመጣሁት ሰው በእግር አሥር ደቂቃ የሚሆን መንገድ ነበረኝ፤ የቀኑን ሙሉ ጊዜ ለአጥሩ ሰጥቼ ለምድጃዋ ሩብ ሰዓት በመስጠቴ አሁን ስጽፈው ይቆጨኛል።

ስንመለስ ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ ባለው 27 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ በላይ በላዩ በረርን። ከታች የሞምባሳ መንገድ ማታቱዎች ተጨናንቀው ቆመዋል።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ዕቃ ስሸክፍ ዋልኩ። የአክስቴ ልጅ ጎረቤት በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ እየከፈለች የምትጠቀምበትን የፀሐይ መብራት አሳየችኝ፤ ኤም-ኮፓ ይባላል፤ ሳጥኑ ውስጥ ሲም ካርድ አለ፣ ካልተከፈለ ከሩቅ ይቆለፋል። ኤም-ፔሳን ከጀመሩት አንዱ ኒክ ሂዩዝ ነው ያቋቋመው፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2011። ከፍላ ስትጨርስ ሳጥኑ የራሷ ነው። የተቆለፈባት ቀን ነበር ወይ አልኳት። ሁለት ሌሊት፤ ልጇ ታሞ ገንዘቡን ለመድኃኒት ያዋለች ጊዜ። ጨለማ ውስጥ የታመመ ልጅ እያስታመመች። «መብራቱ ምን ያውቃል» አለች።

ዓርብ፣ ጥር 23

ዓርብ ደረሰ። የብስክሌት ጠጋኙ አልደወለም። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24 — ሞያሌ፣ እኛ በኩል

ድንበሩን በጠዋት ተሻግሬ፣ የእኛው ሞያሌ ውስጥ አንዲት እናት ሻይ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ኬንያዊው ሲም ካርድ ገና ስልኬ ውስጥ ነው፤ የማዶው ኔትወርክ እዚህም ይደርሳል። ስኒውን ሳነሣ ስልኩ ጮኸ። 1,500 ሽልንግ። ከኪሱሙ። ከኋላው ሌላ መልእክት፦ «ሳማሃኒ»። ይቅርታ ማለት መሆኑን በአሥር ቀን ተምሬያለሁ።

ተሻግሬ ላውጣው? ሰልፉ ረጅም፣ የአዲስ አበባው መኪናም ሊነሣ ነው። ፊቴን ያዩት ሴትዮ፣ «ምን ነው ልጄ?» አሉ። ነገርኳቸው። ከመቀነታቸው ሥር ሁለት ስልክ አወጡ፤ አንዷ የዚህ፣ አንዷ የማዶ። «እኔ ላይ ላከው፤ ብሩን በቴሌብር አደርግልሃለሁ። ሻዩን ከዚያው እቆርጣለሁ» አሉ።

ቁጥራቸውን ነገሩኝ፤ መታሁ። ልጫን ስል ጣቴን ያዙኝ።

«ስም ወጣ?»

«ወጣ።»

«ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው።